ሆዷ ላይ ያበራው እጅ

ኑ፣ ወንበሩን ሳብ አድርጋችሁ አጠገቤ አረፍ በሉ። ይህን ሳወራ ድምፄ ዝቅ ስለሚል ከሩቅ አይሰማም።

በካንሰር ክፍል በጽዳት አሥራ ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ። የወንድሜ ልጅ እዚያው ነርስ ነበረች፤ መድኃኒቱን የምትቀምመው እሷ ናት። መድኃኒቱ በሽታውን ሲገድል ጤነኛውንም ገላ አይምርም። ሁለት ጊዜ ፅንስ ጨንግፎባታል፤ ያኔ ሦስተኛውን ይዛ አምስት ወሯ ነበር። ቤተሰቡ ሁሉ ትንፋሹን ውጦ ይጠብቃል።

እኔ ደግሞ በጓንቴ እኮራለሁ። ሌላው ሞቀኝ ብሎ ሲያወልቅ፣ እኔ ከገባሁ እስክወጣ አልለየውም። የቀለበት ጣቴን የልብስ ማጠቢያ ማሽን ከግማሹ ስለበላብኝ፣ የጓንቱን ባዶ ጫፍ አጥፌ በፕላስተር እለጥፈዋለሁ።

ልማዳችን እንዲህ ነበር። ቀምማ ስትጨርስ ጠረጴዛውን እወለውላለሁ፣ ጋውኗን ከጀርባዋ እፈታላታለሁ፣ ከዚያ ሆዷን ዳበስ አደርጋለሁ።

«እንግዳችን እንዴት ዋለ?»

«እንዳንቺው ነው አክስቴ፣ ሲለፈልፍ ዋለ። በእግሩ!»

አንድ ቀን የሠራተኛውንና የሕሙማኑን ደኅንነት የምታጠና ነርስ መጣች። በመድኃኒቱ ፈንታ ውሃ ሰጠችን። ውሃው ውስጥ የማይጎዳ ቀለም አለበት፤ በዓይን አይታይም፣ ሰማያዊ መብራት ሲያርፍበት ብቻ ያበራል።

«እንደ ወትሯችሁ ሥሩ» አለች። ሠራን። ከዚያ መጋረጃውን ዘግታ መብራቷን ለኮሰች።

ጠረጴዛው አበራ። የበሩ እጀታም አበራ። ለሕሙማን የተደረደረው የውሃ ኩባያ ሲያበራ ኃላፊያችን አፏን ያዘች።

«መቼም እሷ ጋ ምንም አታገኚም፤ በጓንቷ ነው የምትተኛው» አለች ወደኔ እየጠቆመች። ሳቅን። መብራቱ ወደ ወንድሜ ልጅ ዞረ።

ሳቁ ቀጥ አለ።

ሆዷ ላይ እጅ ነበር። ቁልጭ ብሎ የሚያበራ መዳፍ፤ አራቱ ጣቶች ሙሉ፣ አንዱ ግማሽ።

የማን ነው ብሎ የጠየቀ የለም።

እጄን ከነጓንቱ ከጀርባዬ ሸሸግሁ። ለካ ጓንቱ እኔን ሲጠብቅ፣ የጠረጴዛውን ሁሉ ይዞ ወደሷ ይሄድ ነበር!

«ቀለም ነው፣ አይጎዳም» አለች አጥኚዋ ቶሎ ብላ።

የወንድሜ ልጅ ሆዷን አየች፤ ቀጥሎ እኔን።

«የዛሬውስ ቀለም ነው። የትናንቱስ፣ አክስቴ?»

ያ ጥያቄዋ ዛሬም ከጆሮዬ አልጠፋም።

በማግሥቱ ከቅመማ አንስተው ካርድ ክፍል አስገቧት። እኔም ጓንቴን እዚያው ጠረጴዛው ሥር ክዳን ባለው ቆሻሻ መጣያ ሳልጥል፣ እጄን በሳሙና ሳልታጠብ ሰው መንካት ተውሁ። እሷን ግን ታጥቤም አልነካኋት። ነይ ንኪኝም አላለች።

የወለደች ቀን አስጠራችኝ። በሩ ላይ ተገትሬ ቀረሁ።

«ታጥበሻል?»

«ሦስት ጊዜ።»

«ታዲያ ምን ያስቆምሻል? ነይ ያዢው እንጂ!»

ጣቶቹን ቆጠርሁ። አሥር ናቸው። ደግሜ ቆጠርሁ። የቀደሙት ሁለቱ በምን እንደቀሩ ሐኪሙም አልነገረን፣ እኔም ደፍሬ አልጠየቅሁ።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ከሥራ ገብታችሁ የምትወዱትን ከማቀፋችሁ በፊት ያቺን ግማሽ ጣት አስታውሱልኝ። አደራ።