ቀን ያልተጻፈበት መልቀቂያ

በግብፅ፣ በፖርት ሳይድ የልብስ ፋብሪካዎች ሰው ሲቀጠር የሥራ መልቀቂያውንም አብሮ ይፈርማል። የቀኑ ቦታ ባዶ ይተዋል። ባለቤቱ ወረቀቱን መሳቢያው ውስጥ ያኖርና ሠራተኛው ያስጠላው ዕለት ቀን ሞልቶበት «በገዛ ፈቃዱ ለቀቀ» ይላል፤ ዓይኑን በጨው አጥቦ። ኢንሺራሕም እንዲሁ ፈርማ ነው የገባችው። አሁን ነፍሰ ጡር ናት፤ ሆዷን በሰፊ አባያ ሸፍና ኮሌታ ትሰፋለች። እዚያ ቤት ሆዷ የገፋ ሴት ከወሊድ ፈቃዷ በፊት መልቀቂያዋ ይደርሳታል።

ያን ሰሞን መንግሥት አዲስ የሠራተኛ ሕግ እያረቀቀ ነው ተባለ። የሠራተኛ ቢሮ ማኅተም ያላረፈበት መልቀቂያ ዋጋ አይኖረውም የሚል ወሬ ከተማውን ሞላው። ተቆጣጣሪዎች ይመጣሉም ተባለ። ይሄኔ የፋብሪካው ጌታ ሐጂ ሸውቂ ማሽኖቹን አስቆሙና ባስቡሳ የሚባለውን ጣፋጭ በትሪ አስይዘው መጡ።

«ልጆቼ፣ ሕጉ እስኪወጣ ምን አስጠበቀኝ? መልቀቂያችሁን ውሰዱና ቅደዱት። መረከባችሁን እዚህ ጋ ብቻ ፈርሙልኝ።»

ቤቱ በእልልታ ቀለጠ። ኢንሺራሕ ግን ከወንበሯ አልተነሳችም። ክር ሲባክን የሚያንገበግበው ሰውዬ ዛሬ ምን ነክቶት ጣፋጭ ያድላል? ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር። ስትቀጠርም «እዚህ ጋ ብቻ» ተብላ ነበር።

«ተነሽ እንጂ እቴ!» አለቻት አጠገቧ ቁልፍ የምትተክለው ዋጊዳ፣ እሷም ነፍሰ ጡር ናት።

«ፊርማዬን ለመውሰድ ፊርማዬን ልስጥ?»

«አንብቢዋ! ‹ተረክቤያለሁ› ነው የሚለው።»

«ከሥሩስ? ሌላ ወረቀት ቢኖርስ?»

«ከሥሩ ጠረጴዛ ነው ያለው! አንቺ እኮ እናትሽንም መጀመሪያ አስቀምሰሽ ነው ጡት የጠባሽው!»

ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ። ሐጂ ሰምተው ዞር አሉ።

«ኢንሺራሕ፣ ልጄ፣ አትወስጂም?»

«እርስዎ ጋ ይቀመጥልኝ ሐጂ። ሕጉ ሲወጣ ያው ተራ ወረቀት ነው።»

ፈገግ ብለው ወረቀቷን አጠፉና ደረት ኪሳቸው ከተቱት። ፈገግታቸው አላማራትም። ማታ ለባሏ «ሁሉንም ሸወዷቸው፣ እኔን ግን አልቻሉም» ስትለው፣ «እኔም የምወድሽ ለዚሁ ነው» ብሎ ሳቀ። እሷም ደስ ብሏት ተኛች።

ሕጉ ምክር ቤት ገባና ውይይት ላይ ቆየ፤ ወጣ ሲሉት ተመለሰ፣ ተመለሰ ሲሉት ለሌላ ጊዜ ተላለፈ። ሆድ ደግሞ ውይይት አይጠብቅም። ዋጊዳ በሙሉ መብቷ የወሊድ ፈቃድ ወጣች፤ ሐጂ ጥርሳቸውን ከመንከስ በቀር ምን ይዘው ያባርሯት? የኢንሺራሕ አባያ መሸፈን ያቃተው ሰሞን ግን ወደ ቢሮ ተጠራች።

ወረቀቷ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። ሐጂ መነጽራቸውን አድርገው ቀኑን እየጻፉ ነበር። በሕይወቷ ራሷን እንደዚያች ደቂቃ ጠልታ አታውቅም።

«ሐጂ፣ በእናትዎ… አሁን ልፈርምና ልውሰደው። ባዶ ወረቀትም ቢሆን ይስጡኝ፣ የፈለጉት ላይ እፈርማለሁ።»

«የምን ፊርማ ልጄ?» አሉ ቀና ሳይሉ። «ያለው ይበቃል። ያስቀመጥሽውን አደራ ጠብቄልሻለሁ።»

ከዚያም ቀለሙ እንዲደርቅ እፍ አሉበት።