ሳይበየድ አይቀባ

ጎረቤቷ ቡናውን ስታቀብላት የቀለም ሽታ በመስኮቱ ገባ። እናትየው ስኒውን ወደ አፏ እንዳነሳች እጇ መንገድ ላይ ቀረ።

«ይሄ የምን ቀለም ነው የሚሸተው?»

«የመኪናው ነዋ!» ጎረቤቷ የምሥራች እንደምትነግር ሁሉ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለች። «ጥድፌ ከጋራዥ ባልደረቦቹ ጋር ሁለት ቀን ለፍቶ ጨረሰው። 'የወንድሜ ሥራ ሜዳ ላይ አይቀርም' ብሎ። ልጅሽም ዛሬ ይወጣበታል።»

«ሻንሲውንም ቀቡት?»

«ጥቁር አድርገው! ፊትሽን ያሳይሻል።»

እናትየው ስኒውን ሳትጠጣ አስቀመጠች። ባሏ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ሁለቱን ቀን ሰው እየገባ «ያጽናሽ» ሲላት፣ ከጓሮ የሚሰማው ኳኳታ ለለቀስተኛው ወንበር የሚደረድሩ ሰዎች ነበር የመሰላት።

ሰፈሩ ባሏን «ዶክተሩ» ይለው ነበር። የጭነት መኪና ሻንሲ ቅባ ሲባል የቀለም ጣሳ ከመክፈቱ በፊት ትንሽ መዶሻውን ይዞ ከሥሩ ይገባል፤ መኪናውን ከፊት እስከ ኋላ የተሸከመውን ያንን ረጅም ብረት ስንዝር በስንዝር ይመታል፤ ጆሮውን አስጠግቶ ያዳምጣል። ድምፁ የታፈነ ቦታ ሲያገኝ «እዚህ ጋ ሳል አለው» ይላል። ሹፌሮቹ፣ «ዶክተር፣ መርፌ ውጋውና ልሂድበት!» እያሉ ይስቁበታል። እሱ ግን ጭቃውን በውሃ፣ ቅባቱን በናፍታ አጥቦ፣ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ፍቆ ብረቱ ካልነጣ ቀለም አያስነካውም። «ዝገቱን ሸፍኜ ብሰጥህ እኮ አንተ ከላይ ቀለሙን ስታደንቅ እሱ ከሥር ይበላልሃል» ይላቸው ነበር።

የመጨረሻ ሥራው ለልጃቸው የገዛው አሮጌ መኪና ነበር። በዚያው ሰሞን እሷ በሃምሳ ሁለት ዓመቷ የማታ ትምህርት ጀምራ ነበርና፣ ባሏ ከመኪናው ሥር ሆኖ ይጣራል። «ተማሪዋ! የቤት ሥራሽ ደርሷል!» ሽንኩርቷን ጥላ ትመጣለች፤ ነጠላዋን ሰብስባ ከጎኑ ትንፏቀቃለች። ብረቱ ላይ በጠመኔ ይጽፋል፤ እሷ ታነባለች። «ደህና።» «ይፋቅ።» የመጨረሻው ቀን የጻፈው ግን ረዘም ያለ ነበር። ፊደል በፊደል ለቀመችው፤ «ሳይበየድ... አይቀባ።»

«ጎበዝ!»

«ምን ሆኖ ነው?»

«ተሰንጥቋል። እንዲህ እንዳለ ቢጫን ቁልቁለት ላይ ለሁለት ይሄዳል። ነገ በያጅ አመጣለሁ።»

በማግስቱ ጠዋት ጫማውን ሊያስር ጎንበስ እንዳለ አልተነሳም።

ጓሮ ውስጥ ሞተር ተነሳ።

እናትየው ብድግ አለች። «ተቀመጪ እንጂ! የት ልትሄጂ ነው?» አሉ ሴቶቹ። «ተዋት፣ ሐዘኑ ነው፤ አየር ፈልጋ ነው።» እሷ ግን መኪናው ወደ በሩ ሲያፈገፍግ ደርሳ ከኋላው ተገተረች።

«ቁም! ቁም!» ብሎ ጮኸ ጥድፌ፣ የባሏ ታናሽ ወንድም። ፍሬኑ ሲጢጥ አለ።

ልጇ አንገቱን በመስኮት አወጣ። «እማዬ! ልጨፈልቅሽ ነበር እኮ!»

«አጥፋው። ጥድፌ፣ ጽሑፉስ?»

«የምን ጽሑፍ እትዬ?»

«ሻንሲው ላይ በጠመኔ የጻፈው።»

«እኛ እኮ እንደሱ አጥበን፣ ፍቀን ነው የቀባነው። አንዲት ጭቃ አልተውንም፣ ወንድሜን!» አለና የማለበትን ሰው አስታውሶ አፉን ያዘ።

«ሳይበየድ አይቀባ ይላል። ተሰንጥቋል ብሎኛል። ራሴ አንብቤዋለሁ።»

ከለቀስተኞቹ መሃል አንዷ ሹክ አለች። «መቼ ነው ደግሞ ማንበብ የቻለችው? ባለፈው 'ተዘግቷል' የሚል በር ስትገፋ አልነበር እንዴ?»

ሰማቻት። እውነት ነበር፤ ገፍታለች።

«እማ፣» አለ ልጇ፣ «ሲሚንቶው መጋዘን በር ላይ ወጥቶ እየጠበቀኝ ነው። አባዬ በአፉ የሰጠው ቃል ነው። ስመለስ እናየዋለን፣ እሺ?»

«ስትመለስ?» አለች።

«እሺ የቱ ጋ ነው?» አለ ጥድፌ።

አላወቀችውም። ሁሉም ጥቁር ሆኗል። የምታስታውሰው የባሏን ክንድና የሚያርረውን ሽንኩርቷን ብቻ ነው።

የባሏ ቱታ ከግድግዳው ምስማር ላይ እንደተሰቀለ ነው። ከኪሱ መዶሻውን መዘዘችና ከመኪናው ሥር ገባች፤ ልጇ ደንግጦ ሞተሩን አጠፋ። መታች፤ ድምፁ ጥርት ያለ ነው። አንድ ስንዝር አልፋ መታች፤ ጥርት ያለ። አንዱን ወገን ጨረሰች፤ ምንም የለም። ተሳስቼ ቢሆንስ? ጥቁሩ ቀለም ነጠላዋን ነክቷል። «ኧረ አውጧት፣ ሰው ምን ይላል!» ይላል አንድ ድምፅ። ወደ ሌላው ወገን ተገለበጠች። የኋላውን ጎማ የሚሸከመው ባሌስትራ የታሰረበት ጋ ስትደርስ መዶሻው ድፍን ያለ ድምፅ ሰጠ። ደግማ መታች።

ብረቱ ሳለ።

«ብሩሽ!»

ቆይቶ ጥድፌ በደረቱ እየተሳበ ገባ፤ የሽቦ ብሩሹንም ራሱ ያዘው። ሲፍቀው ከጥቁሩ ሥር ግራጫ ነገር ወጣ። እጁ ቆመ።

«ስቱኮ ነው... እኔ ነኝ የሞላሁት። ጭረት መስሎኝ። ለስልሶ እንዲያምር ብዬ...»

«ፋቀው።»

ፋቀው። ከብሎኑ ቀዳዳ እስከ ብረቱ ጠርዝ የፀጉር ያህል የቀጠነ መስመር ወረደ። ጥድፌ ጥፍሩን ሰደደበት፤ ገባ። ያኔ፣ ሁለት ቀን ሙሉ በሥራ ሲያባርረው የከረመው ልቅሶ እዚያው ከመኪናው ሥር ያዘው።

ልጇ ወርዶ ተንበረከከ፤ ስንጥቁን አየ። ጣቱን ጫን አድርጎ አለፈበት፤ ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ወደ መጋዘኑ ደወለ።

እናትየው ከቱታው ኪስ የጥፍር ያህል የቀረች ጠመኔ አገኘች። ተመልሳ ከሥሩ ገባችና በተፋቀው ብረት ላይ ያንኑ የባሏን ቃል ፊደል በፊደል ጻፈችው። አንዱ ፊደል ወደ ታች ሾለከ፤ አላረመችውም።

ስትወጣ ሰዉ መንገድ ለቀቀላት። ጠመኔዋን ወደ ኪሱ መለሰች፤ መዶሻውንም። ከዚያ የተሰቀለውን ቱታ ደረቱ ላይ በጣቷ ቀስ አድርጋ መታ መታ አደረገችው፤ ጆሮዋንም አስጠጋች።