የዓመቱ የጸሎት ርዕስ

ልብስ ሰፊዋ ባሏን «አንዴ ብቻ አብረኸን ተቀመጥ» እያለች ዓመት ሙሉ ለምናዋለች። የቤት ኅብረቱ በየሳምንቱ ለጸሎት የሚሰበሰበው እሷ ሳሎን ነው። አናጺው ባሏ ግን ሰዎቹ ሲመጡ በጓሮ በር ሹልክ ብሎ ሥራ ቦታው ይገባና መዝሙሩ እስኪያልቅ መጋዙን ያስጮኸዋል። ከልጃቸው ሰርግ ወዲህ መጠጥ በአፉ አልዞረም። ዛሬ ደግሞ ሳይለመን፣ «እሺ፣ እቀመጣለሁ። ግን ማንም እንዳይሰብከኝ» አላት። ሸሚዙን እያንጎራጎረች ተኮሰችለት።

በሩ አጠገብ፣ ራሱ በሠራው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ጸሎቱን የምትመራው ፀጉር ሠሪዋ ነበረች። ይህች ሴት አንዴ ከጀመረች እግዜርም ጣልቃ መግቢያ አያገኝም።

«ዓይናችንን እንጨፍን» አለች። ሁሉም ጨፈኑ።

«ጌታ ሆይ፣ ተመስገን! ዓመት ሙሉ የጮህንለትን ሰው አመጣኸው! ያንን ከቦይ ውስጥ አንስተው ያመጡትን ሰካራም! በገዛ ልጁ ሰርግ ሱሪው ላይ የሸናውን! እህታችን እዚሁ ተንበርክካ እያለቀሰች የነገረችንን ሰምተሃልና...»

«አሜን! አሜን!» አሉ ሌሎቹ ሞቅ ባለ ድምፅ።

ልብስ ሰፊዋ ክው አለች። ያን ጉድ የሰርጉ እንግዶች እንኳ አላዩም ነበር። ያን ቀን ካፖርቷን አውልቃ ወገቡ ላይ አስራለት፣ «አሞታል» ብላ በጓሮ አስወጥታዋለች። ዓይኗን ስትገልጥ ባሏ እሷን እያየ ነበር። ከሁለቱ በቀር ዓይኑን የገለጠ የለም።

አናጺው ጸሎቱ እስኪያልቅ ጠበቀና «አሜን» ብሎ ተነሳ። «ሁላችሁም ታውቃላችሁ ማለት ነው?»

የኅብረቱ መሪ፣ ጡረተኛው አስተማሪ፣ ጉሮሮውን ጠረገ። «ወንድሜ፣ በፍቅር ነው። ከዚህ ቤት ምስጢር አይወጣም።»

«ወዴት ይወጣል? ሁላችሁም ጋ ገብቶ አልቋል» አለና ወጣ።

ልብስ ሰፊዋ ፀጉር ሠሪዋ ላይ ጮኸችባት። «አንቺ ሴትዮ፣ አፍሽ መክደኛ የለውም?»

«እኔ ምን አጠፋሁ? የተናገርኩት ለእግዚአብሔር ነው!»

«ውጡ! ሁላችሁም ውጡልኝ!»

«ይህንንም እንጸልይበታለን» አለ መሪው። ጃኬቱን ከወንበሩ ላይ አንስታ ደረቱ ላይ ወረወረችበት። ዓመት ሙሉ ሻይ ያቀረበችላቸው ሰዎች በሩ ላይ እየተጋፉ ወጡ፤ አንዳቸውንም ዳግመኛ ማየት አልፈለገችም።

ሥራ ቦታው ስትደርስ ባሏ ጣውላ ላይ ተቀምጧል። የመጀመሪያ ቃሏ፣ «ልትጠጣ አይደለም አይደል?» የሚል ነበር።

«ይህንንም ንገሪያቸው።»

«አባረርኳቸው እኮ! ያቺ ወሬኛ ናት...»

«እሷ ከማን ሰማች?»

«እንዲጸልዩልህ ብዬ ነው። የተናገርኩት እኮ ለእግዚአብሔር...» ፀጉር ሠሪዋ ያለችውን ቃል በቃል እየደገመች መሆኑ ገባትና አፈረች።

«እግዚአብሔርማ ያን ቀን እዚያው ነበር» አላት። «ያልነበሩት እነሱ ናቸው።» ተነስቶ መጋዙን ከግድግዳው ላይ አወረደ። «ካፖርትሽን ስታስሪልኝ ከሰው ሁሉ የሸፈንሽኝ መስሎኝ ነበር። መጠጡን የተውኩት በዚያ ምክንያት ነው።»