ደመላሽ ያልወጣው ዳገት

በጃንሆይ ጊዜ ነው። ደመላሽ አዲስ አበባ ተምሮ ሲመለስ አዲስ ካኪ ሱሪና አንድ ትልቅ ውሸት ይዞ መጣ። ለአለቃው ለኢንጂነር ደጀኔ «ወገኖቼ የዲላ ባላባቶች ናቸው» ብሎታል። እናቱ ካሳነሽ ግን የጭሰኛ ሚስት ናት። ጎጆዋም ከወናጎ በታች፣ የድንጋይ ከሰል ከሚቆፈርበት ቁልቁለት አናት ላይ ነው። ጉድ እኮ ነው!

የደመላሽ ሥራ መርፌ መጠበቅ ነበር። ቆፋሪዎቹ «ጆሮ» የሚሏቸው መሣሪያዎች ከመሬት ተቀብረው፣ የጉድጓዱ ጣሪያ ሊናድ ሲል የሚነሣውን ንዝረት በሽቦ በኢንጂነሩ ድንኳን ወዳለው ሳጥን ይልካሉ፤ መርፌውም ወረቀት ላይ ይጭራል። ችግሩ፣ መንደር ውስጥ ሴቶች የእንሰት ሥር ሲወቅጡም መርፌው ይዘላል። ስለዚህ መርፌው በዘለለ ቁጥር ደመላሽ ሮጦ ወቀጣውን ማስቆም አለበት፤ አሁንም ከዘለለ ደወል ተደውሎ ቆፋሪው ሁሉ ይወጣል።

አንድ ጠዋት መርፌው ዘለለ።

«ምንድን ነው?» አለ ኢንጂነሩ።

ደመላሽ ቀና ብሎ ዳገቱን አየ። ከወጣ እናቱ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ እየሳመች እስከ ድንኳኑ ልትሸኘው ነው። 

«ሴቶቹ ናቸው፣ ጌታዬ። አሁን ስመጣ ሲወቅጡ አይቻቸዋለሁ» ብሎ ዋሸ።

ብዙም ሳይቆይ የጉድጓዱ ጣሪያ ተደረመሰ። አብሮ አደጉ ጴጥሮስ ውስጥ ነበር።

ሴቶቹ እየጮኹ ከመንደር ወረዱ። ደመላሽ የእናቱን ክንድ ያዘ።

«ጠዋት ማን ነው ሲወቅጥ የነበረው?»

«ወይ ልጄ! ጎረቤት ሞቶ፣ ለቅሶ ተቀምጠን ማን እንሰት ይነካል? እኛ ጋ ብቅ ብትል ትሰማ ነበር።»

ኢንጂነሩ «ልጄ» ስትል ሰምቶ ዞር አለ። ደመላሽ ስንት ወር ሲሸሸው የኖረው ነገር ደረሰ፤ አሁን ግን ምንም አልመሰለውም።

ጴጥሮስን አንድ እግሩ ደቅቆ በሕይወት አወጡት። የደመላሽን እጅ ፈልጎ ያዘ።

«ሳጥኑ ጋ አንተ አልነበርክ? ጆሮው ምንም አልሰማም?»

ደመላሽ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። የዋጠችው ግን ጴጥሮስን ነበር።

«ሰምቷል» አለ አንገቱን ደፍቶ። «እኔ ነኝ የዋሸሁት። ወጥቼ ማየት ነበረብኝ፤ እናቴን ሰው እንዳያይብኝ ብዬ ቀረሁ።»

ጴጥሮስ እጁን ለቀቀው። ከጀርባው ቆማ ስትሰማ የነበረችው ካሳነሽ ሻሿን ከራሷ ፈታች፤ ተንበርክካም የጴጥሮስን እግር ማሰር ጀመረች። ልጇን ቀና ብላ አላየችውም።