ዓይን ያልገባለት ፊት

«ጨርቁን ማን ነው ያለበሰው?» አለች ቺዙሩ፣ የሻይ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ደንግጣ ቆማ።

«እኔ ነኛ!» አሉ ጎረቤቷ እትዬ ሱሚኖ። «ለቅሶ ደራሹ ሁሉ ፈራው። የሚያጎነብሰው ለአባትሽ አጥንት፣ ዓይኑን የሚሰርቀው ግን ወደዚህ!»

አስከሬኑ ከተቃጠለ በኋላ የተለቀመው አጥንት በነጭ ጨርቅ በተጠቀለለ ሣጥን መሠዊያው ላይ ተቀምጧል። ከጠረጴዛው ማዶ ደግሞ እንጨት ጠራቢው አባቷ ጌንጂሮ ከመሞቱ በፊት የጠረበው የመጨረሻ የእንጨት ሰው ተንበርክኳል፦ ራሱ ጌንጂሮ፣ ክርኑ የተጣፈ ሹራቡን እንደለበሰ። ፊቱ ልክ እንደ ሬሳ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኗል። ቺዙሩ ገለጥ አድርጋ አየችውና ቶሎ መለሰችው። በዓይኖቹ ቦታ ያሉት ሁለት ቀዳዳዎች ብቻ ናቸው።

አስከሬኑ ከተቃጠለ ዛሬ ስድስተኛ ቀኑ ነው። ነገ ሥራውን ወደ ከተማ የሚወስዱት ሰዎች ይመጣሉ፤ ዓይኑንም ሌላ ጠራቢ ይጨርስላቸዋል። እሷ ግን የአባቷን ፊት ሳታይ ነው የሸኘችው። የተገኘው በሞተ በአራተኛው ቀን ስለነበር የሬሳ ሣጥኑ ተዘግቶ ጠበቃት። እንደተቀየማት ይሆን የሞተው? የምትጠይቀው ሰው ደግሞ የለም።

ከጨርቁ ሥር «ቀጭ» የሚል ድምፅ ተሰማ። ቺዙሩ ክው አለች።

«እንጨቱ እየደረቀ ነው» አሉ እትዬ ሱሚኖ። «እኔስ ለማንኛውም ደህና ዋልክ እለዋለሁ። ምን ይታወቃል!»

በልጅነቷ የዓይን ሥራ የእሷ ነበር። አባቷ የጠረበውን ሰው ፊት ከጆሮው ሥር ሰንጥቆ ያነሣዋል፤ የእብነ በረድ ዓይኖቹን ከውስጥ በኩል የምትለጥፈው እሷ ናት፣ ጣቶቿ ቀጫጭን ስለነበሩ። «ትንሽ ወደ ውጭ አድርጊያቸው» ይላታል ሁልጊዜ፤ «ማንንም እንዳያዩ።» የጌንጂሮ ሰዎች ባቡር ላይ ፊት ለፊት የሚቀመጥ መንገደኛ ይመስሉ ነበር፤ አጠገብህ ሆነው አያዩህም። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ግን የአንዲት የእንጨት ሴት ዓይን ሆን ብላ ቀጥ አድርጋ አስገባችው። አባቷ መሮውን አንሥቶ የእንጨቷን ሴት ፊት ገነጠለው።

«ብቻውን ያለ ሰው ማንን ያያል? ምኑን ነው ያስተማርኩሽ!»

«አንተም እኮ አንድ ቀን አይተኸኝ አታውቅም!» ብላው ወጣች። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አልተደዋወሉም።

«እትዬ፣ ይሄን ለምን ሳይጨርሰው ቀረ?»

«ጣቶቹ አብጠው ነበራ! እኔ ላስገባልህ ብለው፣ "እጅሽን ሰብስቢ፣ ባለሙያዋ ትመጣለች" አይለኝ መሰለሽ? ደረቅ ሽማግሌ!» ብድግ ብለው ከቁም ሣጥኑ አንድ የሻይ ስኒ አመጡላት። ሁለቱ ዓይኖች ውስጡ ነበሩ።

ቺዙሩ ጨርቁን አነሣች፤ ፊቱ የታሰረበትን ክርም ፈታች። ፊቱን ገልብጣ ውስጡን ስታይ፣ የዓይኖቹ አቅጣጫ በእርሳስ ተሰምሮበታል፤ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው መስመር ነው። ወደ ውጭ ግን አላዘነበለም።

«ምነው ልጄ? ምን አየሽ?»

«ቀጥ አድርጎታል» አለች፣ እንባዋ ቀድሟት። «እትዬ፣ ቀጥ አድርጊው እያለኝ ነው።»

ዓይኖቹን በመስመሩ ላይ አስገባች፤ ጣቶቿ ሥራውን አልረሱትም። ሙጫ ቀብታ ፊቱን ወደ ቦታው መለሰችና ጉንጮቹን በሁለት መዳፏ ያዘች። ጌንጂሮ ቀጥ ብሎ አያት።

«በክሩ እሰሪውና ሻይሽን ጠጪ እንጂ፣ ቀዘቀዘ እኮ።»

«ሙጫው እስኪደርቅ ነው» አለች ቺዙሩ።

እትዬ ሱሚኖ በስንት ሰዓት እንደሚደርቅ አልጠየቋትም። ነጩን ጨርቅ አጣጥፈው ይዘው ወጡ። ቺዙሩ ከአባቷ ፊት ላይ እጇን አላነሣችም።