ኅዳጉ ላይ ያለችው መስቀል

አክስት ኡባልዲና መቶ ዓመት ሊሞላቸው አሥር ቀን ሲቀር የደም ግፊት ክኒናቸውን መዋጥ አቆሙ።

«መቶ እሞላለሁ አልኩ፣ ልሞላ ነው። ከዚህ በላይ መኖር ስስት ይሆንብኛል» ብለው ክኒኑን ከነጠርሙሱ መሳቢያ ውስጥ ቆለፉበት። በዚያው ሳምንት የመቀበሪያ ቀሚሳቸውን አስተኮሱ፣ ሰባት ዶሮዎቻቸውን ለእህታቸው ልጅ ለኖኤሚ አስረከቡ፣ ቄስ አስጠርተውም ተናዘዙ። ቄሱ ከቤት ሲወጡ «የእኔ ኃጢአት ይብሳል» አሉ ተብሎ በሎማ ሴሬና ከተማ ተወርቷል። እንግዲህ ማን አጠገባቸው ቆሞ እንደሰማ አይታወቅም።

አርጌሚሮ የሚጠላው እንዲህ ያለውን ወሬ ነበር። ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ መምህር ነው፤ እናቱ በልጅነቱ ስትሞትበት ያሳደጉት እኚሁ አክስቱ ናቸው። ስድስት ዓመት ሙሉ የቤተሰቡን ታሪክ ሲጽፍ በየዓረፍተ ነገሩ ጫፍ ትንሽ ቁጥር ያስቀምጣል፣ ከገጹ ግርጌ ደግሞ ነገሩን ከየት እንዳገኘው ያሰፍራል። ሰው አፉን ሲከፍት «ከየት አመጣኸው?» ማለት አመሉ ነው። አንዴማ ለቅሶ ቤት ሄዶ፣ «ሟቹ እንዴት ያለ ደግ ሰው ነበር!» ያለችውን ሴትዮ ማስረጃ ጠይቋት ከዱላ ያተረፈው እግዜር ነው።

የሌላዋ አክስቱ ልጅ ኖኤሚ የእሱ ተቃራኒ ናት። ኮምፒውተር ፊት ሁለት ቀን ተቀምጣ ቤተሰቡን ከአንድ የስፔን ንጉሥ ጋር አዛመደችው። አርጌሚሮ የሠራችውን የዘር ሐረግ አይቶ «ይቺ ሴትዮ ከሞተች ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ወለደች ነው የምትይኝ?» ቢላት፣ «የድሮ ሰው ጠንካራ ነበር» ብላ መለሰችለት። ለዓመት ያህል ተኳርፈዋል።

አሁን ግን ነገሩ የወረቀት ክርክር አልነበረም። ሐኪሙ «ክኒኑን ካልወሰዱ አንድ ወርም ላይቆዩ ይችላሉ» ብሎታል። አርጌሚሮ ለመነ፣ ተቆጣ፣ ክኒኑን በስኳር ውኃ አሟሙቶ ሊሰጣቸውም ሞከረ። አክስቱ ቀምሰው «ልጄ፣ ስኳር አሳንሰሃል» ብለው ደፉበት። ፈራ። የሚፈራ ሰው አንዱ ይጠጣል፣ አንዱ ይጸልያል፤ አርጌሚሮ ሲፈራ መዝገብ ቤት ይሄዳል።

ምክንያትም አላጣም። የመጽሐፉ የመጨረሻ ምዕራፍ ስለ አክስቱ ነው፤ ግርጌው ላይ የሰፈረው ግን በታይፕ የተገለበጠ የጥምቀት ምስክር ወረቀት ነበር። ሌላውን ሁሉ ዋናው መዝገብ ድረስ ሄዶ ያየ ሰው የአክስቱን ጉዳይ በግልባጭ አልፎታል። ማን አክስቱን ይጠረጥራል?

ሐሙስ ጠዋት የሰበካው ጸሐፊ አሥራ አራተኛውን መዝገብ አወጣችለት። ስሙ አለ፦ ኡባልዲና፣ የኤሊዮዶሮና የአና ሮሳ ልጅ። ቀኑም የታወቀው ቀን ነው። ኅዳጉ ላይ ግን ትንሽ መስቀል ተሥላለች፣ ከሥሯም በደቃቅ ጽሕፈት «በስምንት ወሯ ሞተች» ይላል።

«ውይ!» አለች ጸሐፊዋ አጮልቃ አይታ። «ቅዳሜ ለሙት ነው እንዴ የምንደግሰው?»

አርጌሚሮ እንደገና ከላይ ጀምሮ አነበበው። የክርስትና እናቷንም አየ፤ የማያውቃት ሴት ናት። የአክስቱ የክርስትና እናትማ ልብስ ሰፊዋ ሶይላ መሆኗን ልጅ አዋቂው ያውቃል፤ አክስቱ ዛሬም ያደረጉትን ጉትቻ የሰጠቻቸው እሷ ናት። መዝገቡን ገለበጠ፣ ገለበጠ። ከሦስት ዓመት ተኩል በኋላ በተጻፈ ገጽ ላይ ደረሰበት፦ ኡባልዲና፣ የኤሊዮዶሮና የአና ሮሳ ልጅ፣ የክርስትና እናት ሶይላ። ኅዳጉ ንጹሕ ነው።

በሎማ ሴሬና ሕፃን ሲሞት ስሙ ለሚቀጥለው ልጅ ይሰጥ ነበር። ይሄን የማያውቅ የለም፣ መቃብሩ ሁሉ ይመሰክራል። ሴቶች መታወቂያ ማውጣት በተፈቀደላቸው ጊዜ የነበሩት ቄስ መዝገቡን ገልጠው ያገኟትን የመጀመሪያዋን ኡባልዲና ገለበጡ፤ ኅዳጉን ማን ይገለብጣል? ከዚያ ወዲህ ሁሉም ያንኑ ግልባጭ ሲገለብጥ ኖረ። አርጌሚሮ ራሱን «አንተ ደንቆሮ!» ብሎ ሰደበ።

ከዚያ ወጥቶ በቀጥታ ኖኤሚ ጋ ሄደ። ግቢዋ ውስጥ ለአክስቱ ዶሮዎች ጥሬ እየበተነች ነበር።

«አክስታችን መቶ አይሞሉም። ገና ዘጠና ስድስት ዓመት ከመንፈቅ ናቸው» አላት።

«ከየት አመጣኸው?» አለችና የራሱን ቃል በመመለሷ ደስ አላት። በስልኩ ያነሳውን የመዝገቡን ፎቶ ሲያሳያት ግን ጥሬው ከእጇ ወደቀ። «አርጌሚሮ፣ ስማኝ። ከንቲባው ይመጣል። ከሜዴሊን ከተማ ዘመድ በአውቶቡስ ተጭኖ እየመጣ ነው። ሙዚቀኞቹ ተቀጥረዋል። እስከ እሑድ አፍህን ብትዘጋ ምን ትሆናለህ?»

«ለራሳቸው ሳልነግርማ አላድርም።»

«አገር ፊት ልታዋርዳቸው ነው! ሀፍረቱ ራሱ ይገድላቸዋል። ያኔ እሱንም ከገጹ ግርጌ ትጽፈዋለህ!»

ይሄ ነገር ከነከነው። እውነቱን ቢናገር በሀፍረት፣ ዝም ቢል ክኒን በማጣት፤ በሁለቱም በኩል የሚያጣው ያቺኑ አንዲት አክስቱን ነው። ሆኖም ውሸቱን ይዘው እንዲሞቱ መተውን ጨርሶ አልቻለበትም።

አክስት ኡባልዲና በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል፤ የመቀበሪያው ቀሚስ ከጎናቸው ተሰቅሏል።

«አክስቴ፣ ስለ ልደትዎ አንድ ነገር ልነግርዎ ነው።»

«ኬኩ አረረ?»

«ኬኩ ደህና ነው።» ፎቶውን አውጥቶ የመጀመሪያዋን ኡባልዲና አነበበላቸው፤ መስቀሏንም አልዘለለም። አክስቱ ፎቶውን ተቀብለው ወደ ዓይናቸው አስጠጉት።

«ስምንት ወር?»

«ስምንት ወር።»

«ከእኔ በፊት አንዲት መልአክ ነበረች ይሉ ነበር፤ ስሟን ግን የነገረኝ የለም።» ጉትቻቸውን ነካ ነካ አደረጉ። «እናቴ 'ኡባልዲና!' ብላ ስትጣራ እሮጣለሁ። 'አቤት' ብዬ ፊቷ ስቆም አንዳንዴ ዝም ብላ ታየኛለች፣ የጠራችው እኔን እንዳልሆነ ሁሉ። የዘገየሁ ይመስለኝና በሚቀጥለው ጊዜ የበለጠ እሮጣለሁ።»

አርጌሚሮ አለቀሰ።

«አንተን ምን ያስለቅስሃል? የሮጥኩት እኔ። ይልቅ አሁን የእኔን አንብብልኝ።»

ሁለት ጊዜ አነበበላቸው። በጣታቸው ሲደምሩ ሲቀንሱ ቆይተው በድንገት ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

«ዘጠና ስድስት? ታዲያ በዚህ ዕድሜዬ ምን ሆኜ ነው ተናዝዤ የተቀመጥኩት? የመሳቢያውን ቁልፍ አምጣ! ያቺንም ጥራልኝ፣ ዶሮዎቼን ይዛ ትምጣ!»

ክኒኑን ያለ ውኃ ዋጡት። ኖኤሚ አምስት ዶሮ ይዛ መጣች።

«ሁለቱስ?»

«ሁለቱ… ሾርባ ሆነዋል፣ አክስቴ።»

«በቁሜ ወረስሽኝ አይደል!»

«መቼም ለመሞት የተጣደፉት እርስዎ ነዎት» አለች ኖኤሚ፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ። «ይሄ ሁሉ ድግስ እንግዲህ ምን ሊሆን ነው?»

«ድግሱማ ይቀጥላል። ባለቤት አለው። ለልጅቷ በመቶ ዓመት አንድ ቀን እንኳ ማን አከበረላት?»

ቅዳሜ አደባባዩ ጢም ብሎ ሞላ። ከንቲባው የክብር ምስክር ወረቀቱን ዘርግቶ «ክብርት የመቶ ዓመት እናታችን» ብሎ ሲጀምር፣ አክስት ኡባልዲና ማይክሮፎኑን ነጠቁት።

«ባለልደቷ መምጣት አልቻለችም። እኔ ታናሽ እህቷ ነኝ። አርጌሚሮ፣ ንገራቸው፤ አንድም ሳታስቀር።»

አርጌሚሮ ቆሞ፦ መዝገብ አሥራ አራት፣ ገጽ ሁለት መቶ አሥራ አንድ፣ ኅዳግ፣ መስቀል፣ ስምንት ወር፤ ሁሉንም አነበበ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የገጽ ቁጥር ሲጠራ ያዛጋበት ሰው አልነበረም። ከፊት የተቀመጡ ሁለት አሮጊቶች አማተቡ፤ እነሱም የሟች እህቶቻቸውን ስም የያዙ ናቸው።

«እና ይሄን ምስክር ወረቀት ምን ላድርገው?» አለ ከንቲባው።

«አስቀምጠው፣ ሦስት ዓመት ተኩል ነው የቀረኝ። አንተ ግን ደግመው የሚመርጡህ አልመሰለኝም።»

አደባባዩ በሳቅ ፈረሰ። ኖኤሚ ኬኩን አመጣች፤ የመቶ ቁጥር ቅርጽ ያለው ሻማ ተለኮሰ።

«ይበሉ እንጂ፣ እፍ ይበሉት!»

«የሰው ሻማ አላጠፋም» አሉ አክስት ኡባልዲና።

ሌላም ሰው አልደፈረም። ሙዚቀኞቹ መለከታቸውን እንደያዙ ቆሙ። ሰሙ እየቀለጠ ክሬሙ ላይ ሲወርድ ኖኤሚ ከንፈሯን ነከሰች፣ ግን አልተነቃነቀችም። መጀመሪያ አንድ ቁጥሩ ጠፋ፣ ከዚያ የመጀመሪያው ዜሮ፤ የመጨረሻው ብዙ ተንገዳግዶ በራሱ ጊዜ ጠፋ።

«በሉ አሁን ቁረሱት» አሉ አክስት ኡባልዲና ሳህናቸውን እየዘረጉ። «የእሷን ድርሻ ለእኔ ስጡኝ። እስከ ዛሬስ ስሟንም ልደቷንም እኔ አይደለሁ የያዝኩላት?»