ጳጉሜ ስንት ኪሎባይት ናት?

1.

«ይቆረጥ!» አሉ የቡድን መሪው አቶ ልሳኑ።

ትርሲት አልቆረጠችም።

2.

ነገሩ እንዲህ ነው። ጤና ጣቢያዎች ሕፃናትን የሚመዘግቡበት አንድ የቆየ ፕሮግራም አለ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ተጭኖ ሲሠራ፣ የመጣው ሁሉ የፈለገውን እየጨመረበት እንደ አሮጌ ጓዳ ታጭቋል። አሁን በስልክ፣ በድረ ገጽ በኩል ይከፈት ተባለ። አርባ አንድ ሜጋባይት! ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ወረዳ፣ ገጹ እስኪከፈት ሕፃኑ ድክ ድክ ማለት ይጀምራል። ስለዚህ ልክ ወጣለት፦ አራት ሜጋባይት። ከዚያ ካለፈ ርክክብ የለም።

3.

ሁለቴ የተጻፈውን ኮድ ፕሮግራመሯ ትርሲት አንድ አደረገችው።

የሪፖርት ማተሚያውን ለብቻው አወጣችው፤ የፈለገው ሰው ሲጠራው ይምጣ።

ከዚያ ነርሶቹ በየካቲት ለሦስት ሳምንት ሲሠሩበት የትኛው ክፍል እንደተጠራና የትኛው እንዳልተጠራ በማሽን አስመዘገበች። ያልተጠራውን ቆራርጣ ጣለች። ከልኩ በላይ የቀረው አሥራ አንድ ኪሎባይት ብቻ ነው።

አሥራ አንድ!

4.

(ይህ ክፍል ተቆርጧል። ማንም አልጠራውም። ጎደለባችሁ?)

5.

ካልተጠሩት ዝርዝር መጨረሻ፣ ሳይቆረጥ የቀረ አንድ፦

የጳጉሜ ቀን ስሌት። 12 ኪሎባይት። አልተጠራም።

በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ጳጉሜ የተወለደ ልጅ አልመጣም። ጥፋቷ ይኸው ነው።

6.

ልሳኑ፦ አምስት ቀን ናት እኮ! ነሐሴ ሠላሳ ብለው መዝግበው ይለፉ።

ትርሲት፦ አይለፉም።

ልሳኑ፦ ርክክቡ ነገ ነው። አሥራ አንድ ኪሎባይት ከየት ልታመጪ ነው?

ትርሲት፦ የሚቆረጥ ሞልቷል፣ ጋሽ ልሳኑ። እርስዎ ማየት አልፈለጉም እንጂ።

7.

ፕሮግራሙ ሲከፈት እየተሽከረከረ የሚገባ አርማ አለ። አቶ ልሳኑ ራሳቸው ናቸው የሣሉት። ስልሳ ኪሎባይት ነው። ነርሶቹ ፕሮግራሙን በከፈቱ ቁጥር ስለሚጠራ፣ ማሽኑ «እጅግ አስፈላጊ» ብሎ መዝግቦታል።

ቆረጠችው።

8.

«አርማዬን?!»

«አዎ።»

«ሳታስፈቅጂኝ?»

«እኔን ነሐሴ ሠላሳ ብለው ሲመዘግቡኝ ማን አስፈቀደኝ?»

መታወቂያዋን ጠረጴዛው ላይ አኖረችላቸው። እናቷ የወለደቻት በ1987 ዓ.ም.፣ ጳጉሜ 6 ቀን ነው። የቀበሌው ጸሐፊ ግን «ቅጹ ላይ ቦታ የለም» አለና ወደ ነሐሴ ወሰዳት። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ መታወቂያዋ ሲዋሽባት ኖሯል፤ ይህ ያንገበግባታል።

አቶ ልሳኑ መታወቂያውን አገላብጠው አዩት። ንዴታቸው አልበረደም።

«ነገ አርማው የት ሄደ ቢሉኝ፣ አንቺን ነው የምጠራው።»

«ይጥሩኝ!»

9, 10, 11, 12.

ለቦታ ሲባል ወጥተዋል። የሚቀጥለውን ግን የሚነካ ወዮለት።

13.

ልኩን አላለፈም። ትርሲት በተሰነጠቀች ስልኳ ከፈተችው። አርማ የለም፤ ቅጹ ወዲያው ከች አለ። የመጀመሪያውን መዝገብ ራሷ ሞላችው።

ስም፦ ትርሲት ደጀኔ

ዓመት፦ 1987

ወር፦ ጳጉሜ

ቀን፦ 6